የእናቴ እጅ የሄደበት ግድግዳ

ከጎረቤቴ ቤት የስቱኮ ሽታ ይመጣል። ጎረቤቴ ወጣት ተከራይ ነው፤ ሊለቅ ነው። አከራይዋ መያዣውን የምትመልስለት ሚስማር የመታበትን ቀዳዳ ሁሉ ከደፈነ ነው አሉ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሽታ አይደበቅም። መስኮቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ አልሆነልኝም። የራሴን ግድግዳ አስታወሰኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። እዚሁ ልደታ፣ ከእናቴ ጋር የቀበሌ ጭቃ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ኖረናል። የእናቴ ዓይን ከጠፋ ቆይቶ ነበር። ከመደቧ ተነስታ እስከ በሩ የምትሄደው በቀኝ እጇ ግድግዳውን እየዳበሰች ነበር። ፀጉሯን ቅቤ ስለምትቀባ እጇ ወዛም ነው። ከጊዜ ብዛት ግድግዳው ላይ፣ በወገቧ ልክ፣ ጎድጎድ ያለ ጥቁር መስመር ወጣ። ጠዋት ፀሐይ በበሩ ስትገባ እንደ ጠፍር ያብለጨልጭ ነበር።

በዘጠነኛው ዓመት ታመመች። ሐኪሙ ጎኗን ነካክቶ ውጭ ጠራኝና፣ "የምትፈልገውን አብላት" አለኝ። እሷ የፈለገችው ግን ምግብ አልነበረም። "አገሬ አድርሰኝ፤ እህቴ አጠገብ ልሙት" ነበር የምትለኝ። ሰንጋ ተራ እህል የሚያራግፍ ያገራችን ሰው የሆነ ሹፌር ነበር። "ሐሙስ ጠዋት እወጣለሁ፤ ጋቢና አስቀምጣታለሁ። ከዚያ ወዲያ ዝናቡ መንገዱን ይዘጋዋል" አለኝ።

ያለ ቀበሌ መሸኛ ደብዳቤ ደግሞ ኬላ አይታለፍም፤ መሸኛ የሚሰጠው ቤቱን ላስረከበ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር የሁለታችንንም መታወቂያ መያዣ ብሎ ያዘና ማክሰኞ ቤቱን ሊያይ መጣ። መስመሩን በጣቱ ነካው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የእናቴ እጅ ነው፣ ጓድ።"

"ስትረከቡ ግድግዳው ደህና ነበር።"

"ሰው ኖሮበት እኮ ነው! ጫማም ሲሄዱበት ያልቃል።"

"ጫማው ያንተ ነው፤ ቤቱ የሰፊው ሕዝብ ነው። ለጥፈህ አስረክብና መሸኛህን ውሰድ።"

ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ ሦስት አራት ቀን መቡካት አለበት። እኔ የነበረኝ ሁለት ቀን አይሞላም። ጎረቤታችን፣ ግንበኛው የወሎ ሰው፣ ስረግጥ አይቶ ቀረበኝ። "ወንድሜ፣ ያልቦካ ጭቃ ያዋርድሃል። ይልቅ ሂድና ሊቀመንበሩ እግር ላይ ውደቅ" አለኝ። እኔ እግር ላይ የምወድቅ ሰው አልነበርኩም። "ተወኝ ባክህ!" አልኩት። ይኸው እስከ ዛሬ የሚበላኝ ይሄ ነው።

ረቡዕ ለጠፍኩት። መስመሩን በመዳፌ ሞላሁ፣ ደፈንኩ፣ አለሰለስኩ። ቶሎ እንዲደርቅ ብዬ አጠገቡ ከሰል አቀጣጠልኩ። እናቴ በትኩሳት ስትቃዥ ውላ አደረች፤ ጓዟ ግን ተቋጥሮ ከእግሯ ሥር ነበር። ሐሙስ ሊቀመንበሩ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ሲመጣ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቆ ጠበቀው።

"ይሄ ግድግዳ ነው ወይስ ውሃ የጠማው ማሳ?" አለ። አብረውት የመጡት ሳቁ።

ያኔ ወደቅሁ። ጫማውን በሁለት እጄ ያዝኩ። "እናቴ እየሞተችብኝ ነው፣ ጌታዬ" አልኩት።

"ተነስ! እግር መሳም የፊውዳል ልማድ ነው። በደንብ ለጥፈህ ጥራኝ" አለና ወጣ። መታወቂያዎቹ ኪሱ ውስጥ ነበሩ።

ሹፌሩ አስፋልቱ ላይ መኪናውን አቁሞ ሦስት ጊዜ ጡሩምባ ነፋ። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ እየራቀ ሄደ።

ጡሩምባው እናቴን ቀሰቀሳት። ተነሳች፤ እንደ ልማዷ እጇን ወደ ግድግዳው ሰደደች። ጣቶቿ ስንጥቁን ነኩ፤ ከፍ ዝቅ እያሉ የለመዱትን ፈለጉ። አጡት።

"ልጄ፣ የማን ቤት ነው ያለነው?"

"የኛው ነው፣ እማዬ።"

"አይደለም፤ የኛን አውቀዋለሁ።" ፊቷ ፈታ አለ። "መንገድ ጀምረናል ማለት ነው። ብዙ ይቀረናል?"

በአራተኛው ቀን እዚሁ ልደታ ነው የቀበርኳት። ያን ጠዋት ግን፣ "ትንሽ ነው የቀረን" አልኳት።

"ተመስገን። በል ሂድና ያሳደሩንን ሰዎች እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ።"

በሩ ላይ ቆምኩ። ግቢው ውስጥ ማንም የለም። እንድትሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "እግዜር ይስጥልን" አልኩ።