ስልክ እንድትተው የተሳልኩት ጃንጥላ

ልጄ ስልኳን እንድትተው ጃንጥላ ተስዬ ነበር። ሰው ለልጁ ጤና ይሳላል፤ እኔ ለስልክ ተሳልኩ፤ ያውም ሞጣ ለተወለድኩበት ደብር።

አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ቢቸና ተኩስ በተከፈተ ቀን፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ ጓደኛዋ፣ በራችን ላይ ስትወድቅ በመስኮት አይታለች። ኔትወርክ ሲመለስ ስልኳ ላይ ተተከለች። አንድ ቀን ከኋላዋ ቆሜ አየሁ፤ የሞቱ ሰዎች ቪዲዮ ነው። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ትከፍታለች። ጮህኩባት፣ ነጠቅኋት፣ ረገምኩ። ስለ ጓደኛዋ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። እኛ ቤት ሞት አይነሳም፤ ሟርት ነው። ዝም አይነቅዝም እየተባልኩ ነው ያደግሁት።

የቅበላ ሰሞን ልጄ ተለወጠች። ስልኳን ራሷ አምጥታ "እማዬ፣ ከእንግዲህ አልፈልገውም" አለችኝ። የጥምቀት ቀሚሷን ለአክስቷ ልጅ ሰጠች። ጾሙ ሳይገባ እንደ ትልቅ ሰው በየጎረቤቱ እየዞረች "ይቅር በሉኝ" አለች። ሰፈሩ "ልጅ ማሳደግ እንዲህ ነው!" ሲለኝ እኔ ሞኟ አንገቴን ቀና አደረግሁ። ስለቴ ሰመረ ብዬ፣ አድሬ እመለሳለሁ ብያት፣ በነጋታው ሞጣ ሄድኩ።

ጃንጥላ የምትሸጠው ሙስሊም ነጋዴ የልጅነት ጓደኛዬ ናት። እየመረጥኩ ሁሉንም በኩራት አወራኋት። ጃንጥላውን ከእጄ ወስዳ አጠፈችው።

"ልብሷንም ሰጠች?"

"ሰጠች።"

"ሁሉንም ሰው ይቅር በሉኝ አለች?"

"አዎ፣ ምነው?"

"ወንድሜም እንዲሁ አድርጎ ነበር። በሳምንቱ ቀበርነው። ወላሂ፣ አሁኑኑ ተመለሽ! ስትደርሺም ፊት ለፊት ጠይቂያት። ሟርት እንዳትይኝ፤ እኛም ሟርት ነው ብለን ነው ዝም ያልነው።"

መኪና ውስጥ ሆኜ ደወልኩላት። ስልኳ ከገዛ ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸ። ለጓደኛዬ ላሳያት ብዬ ይዤው መምጣቴን ረስቼዋለሁ። ጎረቤቶቼ ጋ ደጋግሜ ብደውል የሚያነሳ ጠፋ። እስከ ቢቸና ድረስ ያን ስልክ በሁለት እጄ ጨብጬ ራሴን ስሰድብ መጣሁ።

በሩን ስከፍት ልጄ አልጋዋን አንጥፋ ጫፉ ላይ ተቀምጣለች። እፊቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ልጄ፣ መሞት አስበሻል?"

ከክረምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

"ነገ ነው የምትመጪው ብዬ ነበር" አለችኝ።

አልጮህኩም። አቀፍኳት። ስለ ጓደኛዋ ማውራት የጀመረችው ያኔ ነው፤ ዝም ለካ ይነቅዛል።

ጃንጥላው እስካሁን ሞጣ፣ ሱቁ ውስጥ ነው። ልጄን ጤና ጣቢያ ማመላለስ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ጠዋት ጠዋት ያችኑ ጥያቄ እጠይቃታለሁ። አንዳንድ ቀን "ዛሬ ደህና ነኝ" ትለኛለች። አንዳንድ ቀን ዝም ትላለች፤ ዝም ባለች ቀን ሥራ አልሄድም።