ግራ እጄን የጠየቀኝ ሠዓሊ

አሜሪካ፣ ታከር በምትባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር፣ ፊት ለፊታችን የአንድ ሜክሲኳዊ ጎማ ቤት ነበረ። አንድ ሰመር ባለቤቱ የአጎቱን ልጅ አመጣና የጎን ግድግዳውን ሰጠው። ሰውየው ሠዓሊ ነው፤ በእኔ ዕድሜ የሚሆን። ባገሩ ሥራ ላቆሙ አስተማሪዎችና መሬታቸውን ለተቀሙ ገበሬዎች ሲስል ኖሯል፤ ታስሮም ያውቃል። እሱ ይስላል፣ መንግሥት ኖራ ይቀባበታል፣ እሱ ደግሞ ሌላ ግድግዳ ይፈልጋል። ይህን ሲነግረኝ አይቆጣም፤ ደክሞታል። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ስብርባሪ ስለሆነ ደህና ተግባባን።

እዚህ ግድግዳ ላይ የኛን መጋዘን ሠራተኞች በሙሉ ሊስል ነው። ያን ጊዜ በሙቀቱ መሥራት አቅቶን፣ ማራገቢያ ይግባልን ብለን አለቆቹን ጠይቀን ነበር። በብሬክ ሰዓት በየተራ ሄደን ግራ እጃችንን ጨብጠን ወደ ላይ እናነሳለን፤ እሱ በእርሳስ ይነድፋል። የኔ ተራ ደረሰ።

«እጅ ወደ ላይ፣ አሚጎ!» አለኝ፤ ወዳጄ ማለቱ ነው።

አላነሳሁም። በደርግ ጊዜ ቀበሌ እየጠራን ስንት እሁድ እንዲህ ቆመናል። ቀድሞ ያወረደ ይታያል፤ ስለዚህ ማንም አያወርድም። ጎረቤቴ የልጁን መገደል በሰማ ማግስት፣ አጠገቤ እጁን አንሥቶ ቆሞ ነበር።

«ይቺ እጅ ይቅርባት፤ ባገሬ መንግሥት በግድ ሲያስነሳት ኖሯል» አልኩት።

«ያ የመንግሥት ነው። ይሄ የሠራተኛ ነው።»

«እነሱም እንደዚያው ነበር የሚሉት።»

እርሳሱን ኪሱ ከተተና መሰላሉ ላይ ወጣ። ቦታዬን ባዶ ትቶ ሌሎቹን መቀባት ጀመረ። ከመካከል፣ የሰው ቁመት የሚያህል ነጭ ቀረ።

አብራን የምትሠራ ያገሬ ልጅ አላስቀምጥ አለችኝ። «አባባ፣ አለቆቹ ባዶውን ሲያዩ ሽማግሌው ከዳቸው አይሉም? አንዴ ብድግ ቢያደርጓት አትሰበር!»

«አንቺ ያኔ አልተወለድሽም።»

«እንኳንም አልተወለድኩ! ዛሬ ግን አለሁ። አጠገብዎ የተሳልኩት እኔ ነኝ፤ ብቻዬን ሊያቆሙኝ ነው?»

ይሄ ከበደኝ። በማግስቱ ሄጄ ባዶው ፊት ቆምኩ።

«እቆማለሁ፤ እጄን ግን አትዘዛት» አልኩት።

ከመሰላሉ ወረደ። «እሺ። የፈለገችበት ትሂድ።»

ከጠዋት ጀምሮ ካርቶን ሳነሳ ነበርና እጄ ወደ ወገቤ ሄደች፤ ሄዳም ደገፈችኝ። እሱ እርሳሱን አወጣ።

ሥዕሉ ሲያልቅ ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። «ይኸው! እኛ ስንጮህ አባባ ወገባቸውን ይዘው!»

ሠዓሊው አልሳቀም። ብሩሹን እያጠበ፣ «አለቃችሁ መድከማችሁን የሚያምነው በዚህኛው ነው» አለ።

ማራገቢያ የሚባል ነገር ከዚያ ሥራ እስክወጣ አላየንም። ልጅቷ ግን ብቻዋን አልቆመችም።