በትሪው መሐል ያለችው ባጅ

ትናንት እዚህ ስዊድን፣ ሻርሆልመን ወደሚገኘው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ስገባ የዛገ ብረት ሽታ አፍንጫዬን መታውና የአባቴ ትሪ ትዝ አለኝ።

አስር ዓመቴ ነበር። አባቴ እዚሁ ገበያ እየዞረ የድሮ የስዊድን የምርጫ ባጆችን ይሰበስብ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከአንድ ሻጭ ካርቶን ውስጥ የአገራችንን ባጅ አገኘ፤ በአብዮቱ ጊዜ ለቀበሌ ምርጫ የታደለች፣ ቀይ ቀለሟ የተላጠ። ታላቅ ወንድሙን ከቤት አውጥተው የወሰዱት ሰዎች ደረት ላይ ያያት ባጅ ነበረች።

"ከማን ገዛሃት?" ብሎ ሻጩን ጠየቀው። ሻጩ አላስታውስም አለ።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቴ ባጆቹን በትሪ ደርድሮ ያቀርባል፤ ያችን መሐል ላይ ያደርጋታል። ከዚያ የሰውን ጣት ያያል። ትሪው ሲወጣ እናቴ ሁሌ ጓዳ ውስጥ ሥራ አታጣም ነበር።

የክርስትና አባቴ የመጡ ዕለት፣ ባጆቹን አንድ በአንድ እያነሱ ሲያደንቁ ያችን ዘለሏት። እንደወጡ አባቴ በሩን ሁለቴ ቆለፈ።

"ምንም አላሉም እኮ" አልኩት።

"ልጄ፣ የማያውቃት ሰው አንስቶ 'ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?' ይላል። ዝም ብሎ የሚያልፋት የሚያውቃት ነው።"

ሁለተኛ አልጠራቸውም።

ትናንት ከገበያ ስመለስ፣ አባቴ ካረፈ ወዲህ ያልወጣውን ትሪ እናቴ ፊት አስቀመጥኩት። መነጽሯን አድርጋ አንዱን ባጅ አነሳች፤ ቀጥላ ሌላውን። መሐል ላይ ስትደርስ ጣቷ ዘለላት።

"ሻይ ላፍላ?" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።