ሁለት ውድ ሽጉጦችና የእትዬ ዘነበች እጅ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ሬይ የሰጠኝ አንድ ጨርቅ፣ አንድ የዘይት ጠርሙስና ጭቃ የጠጣ አሮጌ ሽጉጥ ነበር። ሱቁ ሳን ሆዜ ውስጥ፣ በጎማ መሸጫና በልብስ ማጠቢያ ቤት መካከል ነው። ፈትተህ፣ አጽድተህ ግጠመው ብሎኝ ስልክ ሊያናግር ሄደ። አገር ቤት በጦር ሠራዊቱ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስወጣ ሃምሳ አለቃ ነበርኩ። ሬይ ስልኩን ሳይዘጋ ሽጉጡን ገጥሜ ጠበቅሁት። በማግሥቱ ስሜ ያለበት ልብስ ሰጠኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከኋላ ክፍል አልወጣሁም። ሥራዬ የደከመ ሞላ መቀየር፣ የተሰነጠቀ እጀታ መተካት፣ ቃታ ማስተካከል ነበር። ከፊት ለፊት፣ ሽጉጦቹ የሚታዩበት የመስታወት ጠረጴዛ ዘንድ ቆመው የሚሸጡት ሁለት ፈረንጆች ነበሩ። አንደኛው ሲለቅ ሬይ እኔን ወደ ፊት አወጣኝ። ምክንያቱን አልደበቀም፤ የአገሬ ሰዎች መምጣት ጀምረው ነበር። የታክሲ ነጂዎች፣ ነዳጅ ማደያ የሚሠሩ፣ ኦክላንድ ውስጥ ትንንሽ ግሮሰሪ የከፈቱ ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተዘርፈዋል።

በዚያ መስታወት ላይ የማይሻር ደንብ ነበር። ሽጉጥ ለደንበኛ ከማሳየትህ በፊት ጥይት የሚይዘውን ካዝና ታወጣለህ፣ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስበህ ከፍተህ ታቆመዋለህ፣ ባዶ መሆኑን በዓይንህ ታያለህ፣ ከዚያ በትንሿ ጣትህ ትዳስሳለህ። ደንበኛው ሲመልስልህ ሁሉንም እንደገና ትደግማለህ። ሬይ በሌላ ነገር ቸልተኛ ነበር፤ በዚህ ግን አይቀልድም።

የአገሬ ሰዎች ግን አንድ ችግር አመጡብኝ። ሽጉጡን ስዘረጋላቸው ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ይቀበሉኛል። ጨዋ አሳዳጊ ያሳደጋቸው ናቸው፤ ዕቃ በአንድ እጅ መቀበል ነውር ነው። በሁለት እጅ ሲቀበሉ ግን ግራ መዳፋቸው አፈሙዙ ላይ ያርፋል። አንድ የታክሲ ነጂ እንዲህ ሲያደርግ ያየው ሬይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ሰዎቼን ጨዋነታችሁን ተዉት ማለት አልሆነልኝም። ስለዚህ በእጅ መስጠቱን አቆምኩና ሽጉጡን መስታወቱ ላይ በተነጠፈው የጎማ ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ፣ ራሳቸው እንዲያነሡት ማድረግ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ለሁሉም ደንበኛ እንዲሁ ሆነ።

በፈረንጆች አቆጣጠር ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ደግሞ አጭር ሽጉጥ ፋሽን ሆነ። ሕጉ አዲስ ካዝና ከአሥር ጥይት በላይ እንዳይዝ ስለከለከለ፣ አሥር ጥይት ለመያዝ ትልቅ ብረት መሸከም ምን ያደርጋል ተባለ። ከሳኒቬል የሚመጡ ኢንጂነሮች ማስታወሻ ደብተር ይዘው ክብደቱን፣ ርዝመቱን፣ የቃታውን ጥንካሬ በቁጥር ያወዳድሩ ነበር። በእነሱ አልናደድም፤ ሽጉጡን ቢያንስ ይዘው፣ ተኩሰው ነው የሚወስኑት።

የሚያናድደኝ ሌላ ነበር። ባል ሚስቱን ይዞ ይመጣል። ሻጩ ሴትዮዋን ከላይ እስከ ታች ያይና በመስታወቱ ውስጥ ካሉት ትንሹን ያወጣል። ትንሽ እጅ፣ ትንሽ ሽጉጥ፤ ሒሳቡ ይኸው ነው። ይህ ሒሳብ ውሸት ነው። ሽጉጥ ባጠረ ቁጥር ተንሸራታቹ አጭር ስለሚሆን ሞላው ይጠነክራል፤ ለማቀባበል ጉልበት ይጠይቃል። ቀላል በሆነ ቁጥርም ሲተኮስ እጅ ላይ ይራገጣል። ይህን ለሬይ ስንት ጊዜ ነገርኩት። እሱም ያውቀዋል። ውዱ ትንሹ ነው፣ የሚፈልጉትም እሱን ነው ይለኝ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል አቶ ጌታሁን መጣ። አቶ ጌታሁን ኦክላንድ ውስጥ የታወቀ ሰው ነው። አዲስ ለመጣ ሁሉ ዋስ ሆኖ የሚፈርም እሱ ነበር፤ ለአፓርትመንት፣ ለመኪና፣ ለትምህርት ቤት። የኔንም የመጀመሪያ አፓርትመንት ኮሳይን ያደረገው እሱ ነው። ይህን የምጽፈው ክፉ ሰው እንዳልነበረ እንዲታወቅ ነው። ንዴቴን ግን አልቀነሰውም።

ይዟት የመጣው የሟች ወንድሙን ሚስት፣ እትዬ ዘነበችን ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ኦክላንድ ያለውን ግሮሰሪ ስድስት ዓመት ብቻዋን አስተዳድራለች። ከሁለት ወር በፊት ሁለት ሰዎች ገብተው ዘርፈዋታል። አቶ ጌታሁን ይህን ሲነግረኝ እሷ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር።

ምርጫው በሁለት ሽጉጥ መካከል ነበር፤ ሁለቱም ከመስታወቱ ላይኛ መደርደሪያ። አንደኛው የጀርመን ሥሪት፣ ዘጠኝ ሚሊሜትር፣ አጭርና ቀላል፣ ሲጎትቱት ልብስ ላይ የሚይዝ ጠርዝ የሌለው። ሌላው የአሜሪካ፣ ሙሉ ብረት፣ አርባ አምስት ካሊበር፣ አንድ በአንድ በሰው እጅ የተገጠመ። ሁለቱም እውነተኛ ሥራ ናቸው፤ እኔ ራሴ ሳጸዳቸው ደስ ይለኝ ነበር። አቶ ጌታሁንና ሬይ በእነዚህ ሁለት ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተከራከሩ። የትኛው ዝገት ይችላል፣ የትኛው ለቅርብ ይሆናል፣ የትኛው ሲሸጥ ዋጋ አይጥልም። እሷን ማንም አልጠየቃትም።

እኔ ሁለቱን ምንጣፉ ላይ አሰለፍኩና እትዬ ዘነበች መጥተው ይሞክሯቸው አልኳት። ተነሣች፣ ሁለት እርምጃ መጣች፣ ወደ አቶ ጌታሁን አየች። ጋሼ ያለው ይሁን ብላ ተመለሰች። እሱም ጀርመኑን አነሣ፤ የጀርመን ነገር አያሳፍርም አለ። ከሁለቱ ሞላው ይበልጥ የሚጠነክረው እሱ ነበር።

ቀጥሎ ወደኔ ጠጋ አለና በአማርኛ ነገረኝ። "በቄ፣ ፎርሙን በኔ ስም ሙላው። የመንጃ ላይሰንሴም፣ ለሽጉጥ ገዢ የሚሰጠው የሴፍቲ ወረቀቱም አለኝ። እሷ ከካሽ ሬጂስተሩ ሥር ታስቀምጠዋለች። ኢንግሊሽ ላይ ደከም ስለምትል ፎርሙ ያደናግራታል።"

ይህ ወንጀል ነው። ፎርሙ ላይ ሽጉጡን የምትገዛው ለራስህ ነው ወይ የሚል ጥያቄ አለ፤ ሰውየው ከሥሩ ይፈርማል። ለሌላ ሰው አስቦ ለራሴ ነው ብሎ የፈረመ ሐሰት ፈርሟል፣ እያወቀ የሸጠለትም አብሮ ይጠየቃል። ለአቶ ጌታሁን ይህን አስረዳሁት። ቤተሰብ ነን እኮ አለኝ። ስንት ወረቀት ፈርሜ የለ፣ ማን ምን ሆነ አለኝ። ያ እውነት ነው፤ ከተፈረመላቸው አንዱ እኔ ነኝ።

ወደ ሬይ ሄጄ፣ ይህ ሰው ለራሱ አይደለም የሚገዛው አልኩት። ሬይ ቀና ብሎም አላየኝም። "በእናንተ ቋንቋ የተባለውን እኔ አልሰማሁም" አለኝ። "እኔ የሰማሁት ጀርመኑን እፈልጋለሁ ሲል ነው።"

ይሉኝታ ያዘኝ። ፎርሙን አቀረብኩለት፣ ፈረመ። በዚያን ጊዜ ሽጉጥ የሚወሰደው ከተፈረመ አሥራ አምስት ቀን በኋላ ነበር። አሁን ሳስበው በራሴ እበግናለሁ፤ ሃምሳ አለቃ ነኝ እያልኩ ለአንድ የድሮ ፊርማ ስል አንገቴን ደፋሁ።

ከሳምንት በኋላ ቅዳሜ ቀን ኦክላንድ ወርጄ ነበር፤ ግሮሰሪዋ ገባሁ። እትዬ ዘነበች ከአንድ የለስላሳ አከፋፋይ ጋር በእንግሊዝኛ ትሟገታለች። ሁለት ካርቶን ጎድሏል፣ እስኪመጣ አልፈርምም እያለችው ነው። ሰውየው ተሸንፎ ወጣ። ኢንግሊሽ ላይ ደከም የምትለው ሴትዮ ይቺ ናት።

ውኃ ገዛሁ። መልስ ልትሰጠኝ አዲስ የሳንቲም ጥቅል ስትከፍት ጥቅሉን በቀኝ ክንዷ ከደረቷ ጋር አጣብቃ፣ በግራ እጇ ቀደደችው። የቀኝ አውራ ጣቷ አልታጠፈም፤ ደርቋል።

"እትዬ፣ ጣትዎ ምን ሆኖ ነው?" አልኳት።

"የተዘረፍኩ ቀን ነዋ። አንደኛው ሌባ የገንዘቡን ድሮወር ቶሎ አልከፈትሽም ብሎ በሽጉጡ መታኝ። ሐኪሙ ከእንግዲህ አይመለስም ብሎኛል።"

"ጋሽ ጌታሁን ያውቃል?"

"እንዴት አያውቅም? ሆስፒታል የወሰደኝ እሱ ነው።"

ሽጉጥ ለማቀባበል ከላይ ያለውን ብረት በአንድ እጅ ጭምቅ አድርጎ ይዞ መሳብ ያስፈልጋል፤ ሌላው እጅ ደግሞ እጀታውን በአውራ ጣት አጥብቆ ይይዛል። በየትኛውም እጇ ብትሞክር የደረቀው ጣት ያስፈልጋታል። ከሁለቱ ጠንካራ ሞላ ያለውን መርጠንላታል። ሌባ ቢመጣ ሽጉጡን አውጥታ፣ ሳታቀባብለው፣ እሱ ይነጥቃታል። ጣቷን ያየ ሰው፣ ሐኪም ቤት ተቀምጦ የጠበቃት ሰው፣ ስለ ዝገት አንድ ሰዓት ሲከራከር ዋለ። እስከ ሳን ሆዜ ስነዳ መሪውን እየደበደብኩ ነው የሄድኩት። ያበሸቀኝ እሱ ብቻ አልነበረም። ምንጣፉ ላይ ሁለት ሽጉጥ አስቀምጬ፣ ለምን እንዳልነካቻቸው ሳልጠይቅ ያነሣኋቸው እኔ ነኝ።

አሥራ አምስተኛው ቀን ደረሰ። አቶ ጌታሁን ከእትዬ ዘነበች ጋር መጣ። ሬይ ሣጥኑን አውጥቶ መስታወቱ ላይ አስቀመጠ። ሣጥኑ ላይ እጄን ጫንኩና አልሰጥም አልኩ።

አቶ ጌታሁን ሳቀ። ሬይ አልሳቀም፤ ወደ ኋላ ክፍል ግባ አለኝ። አልገባሁም። የዚያን ቀን በአማርኛ የተባለውን አንድ በአንድ በእንግሊዝኛ ተረጎምኩለት። ፎርሙን በኔ ስም ሙላው ብሏል። ሽጉጡ የሷ ነው፣ ከካሽ ሬጂስተሩ ሥር ታስቀምጠዋለች ብሏል። እኔም ለአንተ ስነግርህ አልሰማሁም ብለሃል፤ አሁን ሰምተሃል አልኩት። ሱቁ ውስጥ አንድ ሌላ ደንበኛ ነበር፤ እሱም ሰማ። ከዚያ የሴትዮዋ ጣት እንደማይታጠፍ ተናገርኩ።

አቶ ጌታሁን ፊቱ ተለዋወጠ። "በፈረንጅ ፊት አዋረድከኝ" አለኝ። "ያኔ ሜዳ ላይ ስትቀር የፈረምኩልህን ረስተህ።"

"አልረሳሁም ጋሽ ጌታሁን። ያን ጊዜ ግን እኔው ነበርኩ ፈርምልኝ ያልኩህ።"

ሬይ ቀልቡ ተመለሰ መሰለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ ሴትዮዋን አናገራት። ይህን ሽጉጥ ትፈልጊያለሽ ወይ አላት።

እትዬ ዘነበች ከወንበሩ ተነሥታ መጣች። ጣቷን መስታወቱ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ አኖረችው። "ኖ" አለች በእንግሊዝኛ። "ኖባዲ አስክ ሚ።" ከዚያ ወደ አቶ ጌታሁን ዞራ በአማርኛ ቀጠለች። "እኔ የምፈልገው በጊዜ መዝጋት ነው፣ ጋሼ። ሁለት ጊዜ ነገርኩህ። ሁለቴም ሽጉጥ እገዛልሻለሁ አልከኝ።"

መጥተው ይሞክሯቸው ብያታለሁ እንጂ ሽጉጥ ይፈልጋሉ ወይ ብዬ እኔም አልጠየቅኋትም።

ሽያጩ ተሰረዘ። ሬይ ሰባት ወር ከኋላ ክፍል አቆየኝ፤ ከዚያ ሰው ሲያጣ መልሶ አወጣኝ። አቶ ጌታሁን እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። እትዬ ዘነበች ሲመሽ መዝጋት ጀመረች። ሱቁን እስክትሸጥ ድረስ ሽጉጥ አልነበራትም።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሸጫለሁ። ሁለት ሆኖ የመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ መስታወቱን ከመክፈቴ በፊት ሽጉጡን የሚይዘው ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከዚያ ያንኑ ሰው፣ ለብቻው፣ መያዝ ይፈልግ እንደሆነ እጠይቃለሁ። እጁን አያለሁ። የሽጉጥ ምርጫ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።