የፊተኛው ሰው ደም

ደብረ ታቦር ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ የሚባለው እኔ ነበርኩ። ባለሙያ ያሰኘኝ ሌላ ሰው አለመኖሩ ነው። አንድ የግል ክሊኒክ የደም መመርመሪያ ማሽን ገዛና ከኮምፒውተር ጋር እንዳገናኝለት ጠራኝ። ማሽኑ ውጤቱን በሲሪያል ገመድ ይልካል፤ ኮምፒውተሩ ተቀብሎ ያትማል። ግማሽ ቀን ይበቃኛል አልኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ገመዱ የሚሰካበት የኮምፒውተሩ ካርድ ላይ ያለችው ቺፕ፣ ጥፍር የማታክል ነገር፣ ክፉ አመል ነበራት። የመጣላትን ውጤት ይዛ ቁጭ ትላለች። የፊተኛውን የምትለቀው የሚቀጥለው ሰው ውጤት ከኋላ ሲገፋት ብቻ ነው። ለአምራቹ ጻፍኩ። "የሚታወቅ ባህርይ ነው" የሚል ትሁት መልስ ላኩልኝ፤ እንኳን ደስ ያለህ ማለት ብቻ ነበር የቀራቸው።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፣ ነገር የማታበዛ ልጅ፣ "ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ንጹሕ ውሃ ብናሳልፍና ውሃው ቢገፋውስ?" አለችኝ። ሳቅኩባት። ድራይቨር መጻፍ የሚችል ሰው በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይረታል እንዴ! ማሽኑንና ኮምፒውተሩን የሚያግባባውን ያንን ድራይቨር እንደገና ጻፍኩት። የመጣው ውጤት ሁሉ ታካሚ በሚመዘገብበት በካርድ ክፍሉ ተራ አንድ ቀድሞ ለተመዘገበው ሰው እንዲሰጥ አዘዝኩ። ልጅቷ በየውጤቱ ላይ በእጇ ስም መጻፏም ቀረ። ሠራ። ሥራ አስኪያጁ እጄን ጨበጠኝ፤ እኔም ለሰማኝም ላልሰማኝም አወራሁ።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። በእኛ አገር ቄስ ከኋላው ቆመው እሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው የለም።

አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ቄስ ወለሉን በመቋሚያቸው እየደበደቡ ገቡ።

"ትናንት 'ደምዎ ግማሽ ነው' ብላችሁ ሰደዳችሁኝ። ዛሬ ቀድሼ፣ ያን ዳገት በእግሬ ወጥቼ መጣሁ። ግማሹ ይህን ከሠራ ሙሉው ምን ሊሠራ ነበር?"

ልሳቅ ስል የልጅቷ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ትናንት በሩ ላይ አንዲት እናት "አባ፣ ይቅደሙ" ብለው ተራቸውን ለቄሱ ለቀው ነበር። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ግን ተራው እንደነበረ ነው። ግማሹ ደም የሴትዮዋ ነበር። እሳቸውን "ደምዎ ሙሉ ነው፣ ምንም የለብዎትም" ብለን ወደ መንደራቸው፣ ወደ ጉና ተራራ መልሰናቸዋል።

ካርዳቸው ላይ ያለውን ቀበሌ ይዘን፣ መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ በእግር ከልጅቷ ጋር ወጣን። እሷ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ ብልሁ ሰውዬ በየመቶ እርምጃው እያረፍኩ እከተላለሁ። ሴትዮዋን ድንች ማሳቸው ውስጥ መቆፈሪያቸውን ይዘው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያለከልኩ አገኘናቸው። ከንፈራቸው ነጥቷል።

"ተኝቼ ነበር" አሉን፣ ያጠፉ ይመስል። "ኋላ ግን ደሜ ሙሉ ከሆነ የያዘኝ ስንፍና ነው ብዬ ተነሣሁ።"

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በኋላ ደም ተሰጥቷቸው ድነዋል። ውሃውም ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ያልፋል፤ ልጅቷም ስሙን በእጇ ትጽፋለች። በቅሎ ላይ አስቀምጠናቸው ቁልቁለቱን ስንወርድ ግን መዳን አለመዳናቸውን ማንም አያውቅም ነበር። ምን ተፈጥሮ እንደሆነ ጠየቁኝ።

"ማሽኑ ተሳስቶ ነው፣ እናቴ" አልኳቸው።

ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ።

ሴትዮዋም፣ "ማሽኑንስ የሚያዘው ሰው አይደል፣ ልጄ?" አሉ። "እንጀራው ይሆናል። እንዳትቆጡት፣ አደራ።"

"አንቆጣውም" አልኩ፣ የበቅሎዋን ልጓም እየሳብኩ።