ፊደል የማይመርጠው ፈላጊ

ርብቃ የሾኔ ልጅ ናት። ሆሳዕና ከተማ ወዳለው መሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና የመጣች ሰሞን አልወደድኳትም፤ «ሠራተኛ»ን በእሳቱ ሰ ትጽፋለች። እኔ መዝገብ ቤት በሠራሁበት ሃያ ስምንት ዓመት ፊደል የገደፈ ደብዳቤ ሳላርም አሳልፌ አላውቅም፣ ኃላፊው የጻፈውንም ቢሆን። በዚህ ጠባዬ ሰው እንደሚያማኝ አውቃለሁ፣ ይማኝ።

በምሳ ሰዓት ሌላው ወደ መናኸሪያ ሻይ ቤቶች ሲወርድ እሷ ላፕቶፗ ላይ ተደፍታ ከዩቲዩብ ጃቫ የሚሉትን የኮምፒውተር ቋንቋ ትማራለች። አንድ ቀን ምን እንደምትሠራ ጠየቅኳት።

«ፈላጊ ነው፣ እትዬ። እንደ ጉግል፣ ግን ትንሽዬ። አንድ ገጽ ከፍቶ ያነባል፣ እዚያ ያሉትን ሊንኮች ተከትሎ ወደ ሌሎቹ ይሄዳል። ከዚያ እያንዳንዱ ቃል የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ይመዘግባል።»

«ይሄማ የእኛ ማውጫ ነው!» አልኳት። «ስሙን ታያለሽ፣ ፋይሉ ያለበትን መደርደሪያ ታውቂያለሽ፣ አለቀ።» እሷም አስነስታ አሳየችኝ። እኔ ዓመት የሚፈጅብኝን እሱ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰው። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁት።

ያን ቀን ለሰው የማልነግረውን ነገርኳት። ታላቅ ወንድሜ ኃይለኢየሱስ በ1981 ዓ.ም. ለውትድርና ሄዶ ቀረ። ሞተ ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም። እናታችን ሳታለቅስለት፣ በር በሩን እያየች ሞተች። የቀድሞ ወታደሮች ስለ ጓዶቻቸው የሚጽፉበት ድረ ገጽ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ግን ስንት ሺሕ ገጽ ነው፣ መፈለጊያም የለውም።

ርብቃ ፈላጊዋን እዚያ ላከችው። ሁለት ቀን ሙሉ ሲለቅም ከረመ። ስሙን ከአባታችን ከአቶ ተገኘ ስም ጋር እኔው ራሴ፣ አንድ ፊደል ሳልገድፍ፣ ጻፍኩለት። ምንም አላገኘም።

«ሰዉ እኮ እንደ እርስዎ አይጽፍም» አለችኝ ፈራ ተባ እያለች። «ሀን፣ ሐን፣ ኀን አንድ ላድርጋቸው? ለማሽኑ ብቻ።»

ደሜ ፈላ። «የፊደል ገበታ ልታፈርሺ ነው?» ብዬ ጥያት ወጣሁ፤ ሦስት ቀን አኮረፍኳት። በአራተኛው ቀን ግን ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች በሙሉ ጽፌላት ነበር። የወንድሜን ስም ሰዎች እንዴት እንዴት እንደሚያበላሹትም ጨመርኩበት፦ ሀይለየሱስ፣ ሃይለእየሱስ። ዕድሜ ልኬን ሳርመው የኖርኩትን ስሕተት ርብቃ አንድ በአንድ ለማሽኑ አስተማረችው። ሃያ ስምንት ዓመቴ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም፤ ቢሆንም ውስጡ ገብቶ ሲሠራ ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስሙን እንደገና ጻፈች። እኔ መነጽሬን እስካደርግ እሷ አንብባለች። ላፕቶፑን ቀስ ብላ ከደነችው።

«ኔትወርኩ ሄደ፣ እትዬ። ሰኞ እናየዋለን።»

ኔትወርኩን እየረገምኩ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። የዕድራችን ዳኛ አቶ ወንዳፈረው፣ ጎረቤቴ አስናቀች፣ ሌሎችም የሰፈር ሰዎች ቆመዋል። ከኋላቸው ርብቃ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ።

ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ማሽኑ ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ያመጣውን መርዶ ይቺ ልጅ ይዛው አድራለች። ብቻዬን እንዳልሰማው ቤት ለቤት ዞራ ሰው ለምናለች። ያን ሁሉ ሺሕ ገጽ ካነበበው ፈላጊ ይልቅ የገረመችኝ እሷ ናት።

አስናቀችና ርብቃ ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ። አቶ ወንዳፈረው ርብቃ ከድረ ገጹ የገለበጠችላቸውን የአንድ ጓዱን ጽሑፍ አነበቡ፦ «ሀይለየሱስ ተገኘ፣ የሆሳእና ልጅ። በ82 ቆስሎ እጄ ላይ አረፈ። ብቻውን አልነበረም። በእጄ ቀበርኩት።»

«ወንድሜን!» አልኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት እንዲህ ብዬ ጮኼ አላውቅም ነበር።