የየካቲት ተረኛ

ቁም ሳጥኑ በበሩ አልወጣ አለ። ሁለት ተሸካሚዎች አቁመው ሞከሩት፣ አጋድመው ሞከሩት፣ በመጨረሻ አንደኛው ላቡን በእጅጌው እየጠረገ «እትዬ፣ ለመሆኑ ይኼ ነገር እንዴት ገባ?» አለኝ። እኔ ምን አውቄ? ስወለድ እዚያው ነበር። እናቴ መጀመሪያ ቁም ሳጥኑን አቁማ ቤቱን በዙሪያው ያሠራች ይመስለኛል። በመዶሻ ፈታትተን ሳንቃ በሳንቃ አወጣነውና ግቢው ውስጥ ስንቆልለው እፎይ አልሁ። አንድ ዕቃ ከዚያ ቤት በወጣ ቁጥር እኔም በጥቂቱ የወጣሁ ይመስለኝ ነበር።

ጎንደር አጠገብ ፀዳ ከተማ የሚገኘውን የእናቴን ቤት ባዶ ለማድረግ የነበረኝ ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው። አዲስ አበባ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ቤቱን አከራይቶታል፤ ተከራዮቹ ከገና በፊት ይገባሉ። እኔ ደግሞ መንገደኛ ነኝ። ሞተሬን በአይሱዙ አስጭኜ አዲስ አበባ አወርዳለሁ፣ ከዚያ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ድረስ እነዳለሁ። ናይሮቢ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ የራሷን ሞተር አዘጋጅታ ትጠብቀኛለች፤ ሁለታችን ሞተሮቻችንን ከሞምባሳ በመርከብ ጭነን ባሕሩን እንሻገርና ሕንድ ላይ እንደገና እንነሣለን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ያውቃል። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ዕድሜዬን ይጠይቃል። አርባ ዘጠኝ ነው። ጠያቂዎቼ ሞተር ላይ ወጥተው አያውቁም። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የክትባት ሳጥን ከኋላዬ አስሬ ከጎንደር ኮሶዬ፣ ከኮሶዬ ወደ ገጠሩ ቀበሌዎች ተመላልሻለሁ። ከብርዱ ብዛት ጣቴ ደንዝዞ ፍሬኑን ልያዝ አልያዝ ያላወቅሁበት ጠዋት ብዙ ነው።

ግን ያ ሁሉ መንገድ መመለሻ ነበረው። እናቴ ደጅ ላይ ቆማ የሞተሬን ድምፅ ስለምትጠብቅ ሳይመሽ እመለሳለሁ። ስትታመም ሥራዬን ተውሁ፤ ስድስት ዓመት ከአልጋዋ አጠገብ አልራቅሁም። ወንድሜ በስልክ «አንቺ አለሽላት» ይለኛል፤ ምርቃት ይሁን ፍርድ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እናቴን እወዳት ነበር። ቤቱን ግን ጠላሁት፤ ግድግዳውን፣ ቀትር ላይ የሚንጣጣውን ቆርቆሮ፣ የመስኮቱን ብረት፣ ሁሉንም ጠላሁት። በዚያ ላይ አንድ ሰሞን መንገዱ ይዘጋል፣ ሌላ ሰሞን ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ይባላል፣ ሌላ ሰሞን ቤንዚን የለም። ባትሪዋ እንዳይሞት ሞተሬን ግቢ ውስጥ አስነሣትና ጥቂት አዳምጣታለሁ። ከዚያ አጥፍቻት እገባለሁ።

እንዲህ መውጣት የናፈቀ ሰው በገዛ አፉ ራሱን ያስራል? እኔ አሰርሁ።

እናቴ የማርያም ማኅበርተኛ ነበረች። ወር በገባ በሃያ አንድ ቀን ማኅበርተኞቹ በተራ ከአንዳቸው ቤት ተሰብስበው ይጸልያሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ጽዋው ተባርኮ ሁሉም ከቀመሰ በኋላ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ይቀበልና ወደ ቤቱ ይወስደዋል። የእናቴ ወር የካቲት ነበር። ከሞተች በአርባኛው ቀን፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ የማኅበሩ ሙሴ ተነሡ። ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ መሪ ነው፤ የእኛዎቹ ሙሴ ሰማንያን የተሻገሩ፣ ከእኛ ሦስተኛው ግቢ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። «የሟች ጽዋ መሬት አይወድቅም። ማን ያነሣዋል?» ብለው ዙሪያውን ቃኙ። ወንድሜ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ እንቅልፍ ካጣሁ ስንት ቀኔ፣ ዓይኔ አብጦ፣ የቀረላት ይህ ብቻ ነው ብዬ አሰብሁና «እኔ» አልሁ። ሁሉም በአንድ አፍ «ማርያም ትርዳሽ» አሉኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ይህ ከሆነ ዓመት አለፈው። በየወሩ እየተነጫነጭሁ ሄድሁ፤ ያለፈውን የካቲትም እንደ ምንም ደገስሁ። ድሮ ሃያ አራት ነበርን ይላሉ። አሁን እኔን ጨምሮ ዘጠኝ ነን፤ ከእኔ ቀጥላ ልጅ የምትባለው ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው።

የቤቱን ዕቃ ለማከፋፈል ብዙ አልተጨነቅሁም። ልብሷን ለቤተ ክርስቲያን ነዳያን ሰጠሁ። ጋኑን፣ ትሪውን፣ ብርጭቆውን፣ መጋረጃውን፣ ወንበሩን፣ ዱካ የምንለውን የእናቴን በርጩማ ለጎረቤት በተንሁት። ጎረቤት ስል አብዛኞቹ እነዚያው ማኅበርተኞች ናቸው። ለራሴ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ ሁለት የሞተር ቦርሳ፣ ትርፍ ካንዴላና ሄልሜቴን አስቀረሁ። ከዚያ ልሰናበታቸው ብዬ ወደ ሙሴ ቤት ሄድሁ።

«ጥምቀትን ሳታዪ?» አሉኝ ገና ስናገር። ጎንደር ላይ ከዚህ የባሰ ወንጀል የለም።

«መርከቡ አይጠብቀኝም፣ እማማ።»

«ሸጋ። የካቲትን ማን ይደግሳል?»

«ሰው እተካለሁ።»

«ማንን?»

ማንን እንደሆነ አላሰብሁበትም ነበር። ከእርሳቸው ቤት እንደወጣሁ ወንድሜ ጋ ደወልሁ። «ጽዋ? እኔ? ስብሰባ ላይ ነኝ» ብሎ ዘጋው። የአክስቴ ልጅ የራሷ የሚካኤል ማኅበር እንደከበዳት ነገረችኝ። ጎንደር ፒያሳ ሱቅ ያላት ጓደኛዬ «ዕቁብ ቢሆን እሺ» ብላ ሳቀችብኝ። ሦስት ቀን ሰው ሳግባባ ዋልሁ። ወጣቶቹ ያዝኑልኛል፣ አዛውንቶቹ ይመክሩኛል፤ እጁን የሚዘረጋ ግን የለም።

ትቼው ብሄድስ? ማን ይይዘኛል? እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ፤ ጽዋ ጥሎ የሄደ መንገዱ አይቀናም ሲሉ እየሰማሁ አድጌ አላመንሁበትም። ነገር ግን በገደል አፋፍ ላይ በሁለት ጎማ ስትነዳ የኖረች ሴት እንዲህ ባለው ነገር ብዙም አትቀልድም። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ቃሉን የሰጠሁት ለእናቴ ነው። ሞታም እጄን ይዛኛለች እያልሁ ባዶው ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልሁ። ተናደድሁባት። ሰው በሞተ እናቱ ላይ እንዲህ መናደድ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ቢያንስ የዘንድሮውን ልጨርስ ብዬ የታኅሣሥ ተረኛ ዘንድ ሄድሁ። እግራቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው፤ ወር እንለዋወጥ ስላቸው ደስ ብሏቸው ጽዋውን አስረከቡኝና መረቁኝ። ለሙሴ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የዘንድሮው ሸጋ ነው። የከርሞውስ?»

ሰው መፈለጌን ቀጠልሁ።

ታኅሣሥ ሃያ አንድ ሲደርስ ነው ስሕተቴ የታየኝ። ስምንት ማኅበርተኞችና አንድ ካህን ይመጣሉ፤ እኔ ያለኝ አንድ ማንቆርቆሪያ ነው። የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ስለሆነ ከሰፈር የፕላስቲክ ወንበር ተከራየሁ፣ ጠላ ከምትሸጥ ሴት ጠላ ገዛሁ፣ ድፎ ዳቦ አስጋገርሁ። ጾመ ነቢያት ነውና ምስሩንና ሽሮውን በአንድ የተዋስሁት ድስት በየተራ ሠራሁ። የተዋስሁት ብርጭቆ አልበቃኝም። ገና ይህን ሳስብ የግቢው በር ተንኳኳ።

ሙሴ ነበሩ፤ ከኋላቸው አንዷ ማኅበርተኛ የእናቴን ጋን ታቅፋለች። «ለዛሬ ነው» አለችኝ ዓይኔን ሳታይ። ከእርሷ ቀጥላ ትሪው መጣ። ከትሪው ቀጥሎ ብርጭቆዎቹ፣ ሁሉም፣ ጠርዙ የተሸረፈው ሳይቀር። ወንበሮቹ መጡ። መጋረጃው እንኳ መጣ፤ ያመጣችው ሴት ሳትጠይቀኝ ሚስማሩን ፈልጋ ሰቀለችው። እያንዳንዷ የያዘችውን ዕቃ ድሮ የነበረበት ቦታ ላይ አኖረች፤ አንዲቷም አልተሳሳተች። ሙሴ በሩ ላይ ቆመው ይስቃሉ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ለወጉ ሳቅሁ። በግማሽ ሰዓት ቤቱ የእናቴ ቤት ሆነ፤ የጎደለችው እርሷ ብቻ ናት። ሁለት ሳምንት የለፋሁበት ነገር ሁሉ ተመልሶ በላዬ ላይ ተቀመጠ። «ውኃ ላምጣ» ብዬ ወጣሁና ግቢው ጥግ ሞተሬ ላይ ወጥቼ ተቀመጥሁ። አላስነሣኋትም። መሪውን ይዤ የቆርቆሮውን አጥር አፍጥጬ አየሁ። ሕንድ ቀርቶ እዚህ ቅርብ ያለው አዘዞ እንኳ የምደርስ አልመሰለኝም።

«ምነው? እንግዳ ትተሽ?» አሉ ሙሴ ከበሩ ላይ።

«መጣሁ፣ እማማ።»

ገባሁ። ካህኑ ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ሰዉ በላ። ሴቶቹ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ እናቴ አወሩ። እናቴ በወጣትነቷ ሳቅ ሲይዛት ጸሎት መሃል ትወጣ እንደነበር ነገሩኝ፤ ይህን አላውቅም ነበር። ከዚያ ጽዋው ተባርኮ ሁላችንም ቀመስን። የጥር ተረኛ ነጠላዋን አደግድጋ ልትቀበል ተነሣች።

በዚያች ሰዓት ካልተናገርሁ መቼም አልናገርም። ቆምሁ።

«ተተኪ አላገኘሁም» አልሁ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። «ፈልጌ አጣሁ። እኔ እሄዳለሁ። የእናቴን ስም ሰርዙት።»

ጽዋውን ልትቀበል የተነሣችው ሴት እጇን እንደዘረጋች ቀረች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ግን አልተቀመጥሁም።

ሙሴ «ባሕር ማዶ ሰው የለም እንዴ?» አሉ።

«አለ።»

«የሚርበው፣ የሚጠማው የለም?»

«ይኖራል።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ሰርዙት የምትዪ? ከርሞ የካቲት ሃያ አንድ ቀን ያለሽበት ቦታ ቁሚ። ዳቦ ግዢ፣ ከተገኘ ሰው ጋር ቁረሺ፤ የማርያም ነው በዪና አብዪ። እኛ እዚህ ሆነን ተረኛዋ ደገሰች እንላለን።»

እግራቸውን የሚያማቸው ሴት አጉረመረሙ። «የማርያም ጽዋ በሰው አገር?»

«ምነው?» አሉ ሙሴ ዞር ብለው። «እርሷስ ልጇን አዝላ ግብፅ ድረስ ተሰዳ የለም? ማን አገር ነው የበላችው?»

ካህኑ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ። የጥሯ ሴት ጽዋውን ተቀበለች። እኔ የሙሴን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ ስል በሁለት እጃቸው ጭንቅላቴን ይዘው ቀና አደረጉኝና ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«በሉ፣ ዕቃችሁን አንሡ። ልጅቷ መንገደኛ ናት።»

ተነሡ። መጋረጃው ወረደ። ብርጭቆዎቹ ታጥበው ትሪው ላይ ተደርድረው ወጡ፤ ጋኑ ወጣ፤ ወንበሮቹ ወጡ። እኔ ሁለት ሳምንት የታገልሁትን እነርሱ እያወሩ፣ እየተሳሳቁ ጨረሱት። ሲሄዱ ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ደስ አላለኝም፤ ተንበርክኬ ቆዩ ብዬ ልለምናቸው ሁሉ ወደድሁ። የስድሳ ሁለት ዓመቷ ሴት መጨረሻ ላይ መጥታ እናቴ ከመታመሟ በፊት በየጠዋቱ ደጅ አውጥታ ፀሐይ የምትሞቅበትን ዱካ አነሣች። ሳላስበው እጄ ዱካውን ይዞት አየሁ። እርሷ ትስባለች፣ እኔ እስባለሁ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ ልትቀልድ ጀመረች፤ ፊቴን አይታ ቀልዱን ተወችው።

ከዚያ ቤት ለመውጣት ስድስት ዓመት ተመኝቻለሁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ በሩ ላይ የቆመ የለም። ጣቶቼን ግን መፍታት አልቻልሁም።

«ልቀቂ፣ ልጄ» አሉኝ ሙሴ ቀስ ብለው። «እርሷ እኮ ቀድማሽ ሄዳለች።»

ለቀቅሁት።